ከበሩ ወዲህ ሆኜ ያየሁት ግቢ

እታለም፣

«ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። እኔና አንቺ መቼ ነው ጤና ይስጥልኝ የተባባልነው? «አንቺ ምነው ጠፋሽ» እንዳልልሽ ደግሞ የጠፋሁት እኔ ነኝ። እናትሽ ሲያርፉ በስልክ አልቅሼ ዘጋሁ። ደሴ ድረስ መጥቼ አጠገብሽ አልተቀመጥኩም። ሰበብ መደርደር እችላለሁ፤ አንዱም ግን አፍ ሞልቶ የሚነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ባልኩ ቁጥር «አሁን ምን ብዬ?» እያልኩ ይኸው አራት ዓመት ሞላ።

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ወርጄ በርበሬ ስመርጥ አክስትሽን አገኘኋቸው። ሰላምታውን ሳንጨርስ «ያቺ ትንሿ እኮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት» አሉኝ። በርበሬውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ያንቺ ልጅ፣ ጅማ! ነጋዴዋ «እትዬ፣ ትገዢያለሽ አትገዢም?» እስክትለኝ ድረስ ፈዝዤ ነበር። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ሰው አይደለሁም አልኩና ማታውኑ ወረቀት አወጣሁ።

እንቅልፍ አጥታለች ብለውኛል። ግቢው እንዴት ነው፣ ልጅ ይይዛል ወይ ትያለሽ አሉ። እኔስ ምን አውቃለሁ? እኔ ግቢ የማውቀው በቤተሰብነት ነው፤ በር ላይ ቆሜ፣ ፌስታል ይዤ። እሱንም ቢሆን ከልጅነታችን የጀመርነው ነው። ጤና ሳይንሶቹ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ሲያልፉ አጥሩ ሥር ቆመን አንገታችንን የምናስግገው ትዝ ይልሻል? አንዱ ፈገግ አለልኝ ብለሽ ሳምንቱን ሙሉ ፀጉርሽን ስትሠሪ ከረምሽ። ለካ ሰውዬው የሳቀው ከኋላችን ለምትመጣው ነርስ ነው።

ያኔ እርሻ ኮሌጁ ለብቻው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው። ጤና ሳይንሱም ለብቻው፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ። አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ በኋላ በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። አሁን ቴክኖሎጂው ደግሞ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ነው። እኔ ግን እስካሁን «እርሻ ኮሌጅ» ማለት አልተውኩም። ልጆቼ ይስቁብኛል።

መጀመሪያ ግቢ የገባሁት የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አባዬ ታላቅ ወንድሜን ሊጠይቅ ስድስት ኪሎ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ በዚያ ዘመን አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። የጊቤን በረሃ ስንወርድ አስመልሶኝ ወልቂጤ ላይ ልብሴን ቀየረልኝ። ስንደርስ ግን ሁሉም ተረሳኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ማለት ቤተ መንግሥት መሰለኝ፤ ደግሞም አልተሳሳትኩም፣ ገነተ ልዑል ነዋ፣ ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። ከፊቱ ወደ ሰማይ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን ዘመን በየዓመቱ አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ አሁን የኛው አንበሳ ተቀምጦበታል። እርከኖቹን ቆጥሬ ሳልጨርስ ወንድሜ እጄን ጎተተኝ።

ወንድሜ ያን ቀን ያበራ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው መስታወት የመሰለ። አባዬ «ምን ጎደለህ?» ሲለው «ምንም፣ ሁሉ ሙሉ ነው» አለ። አባዬ ጅማ ተመልሶ ለጎረቤት ሁሉ ስለዚያ ጫማ አወራ። ከሃያ ዓመት በኋላ ነው ወንድሜ በአንድ ፋሲካ ጠላ ሲጠጣ ያወጣው። ጫማው የዶርም ጓደኛው ነበር። እኛ ከተማውን ስንዞር ያ ልጅ ባዶ እግሩን አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማው እስኪመለስ ሲያነብ ዋለ። አባዬ ይህን ሳይሰማ ነው ያረፈው። ጥሩ ነው አልልሽም፣ ክፉም አልልሽም።

ስለዚህ የኔዋ ትልቋ ባሕር ዳር ሲደርሳት «እኔን አታታልይኝም» ብዬ ነው የሄድኩት። ጭኮ፣ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ማር ተሸክሜ። «ማሚ፣ ፔዳ በር ላይ ጠብቂኝ» አለችኝ። ፔዳ የሰው ስም መስሎኝ ባጃጅ ነጂውን «ፔዳ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ቦታው ድሮ የፔዳጎጂ አካዳሚ ስለነበር ነው ለካ፤ ሌላኛውን ግቢ ደግሞ ፖሊ ይሉታል፣ ከፖሊ ቴክኒኩ። ልጁ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሒሳቡን ግን ጨመረብኝ።

ሁለት ቀን ጣናን አሳየችኝ፣ ዓሣ አበላችኝ፣ ዘንባባው ሥር ፎቶ አነሳችኝ። ዶርሟን ግን «ቤተሰብ አይገባም» ብላ አለፈችኝ። እኔም የምፈልገውን በፊቷ ላይ ፈለግኩ። ከስታለች? ጥፍሯን ትበላለች? ምንም አላገኘሁም። የታጠበ ፊት ነው ያሳየችኝ። መቼም ግቢ ሁሉ ቤተሰብ ሲመጣ ይታጠባል።

የመጨረሻዋ ሌሊት ሆቴሌ መጥታ አብራኝ አደረች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ዓይኗን ሳትገልጥ ተነሳች፣ ሱሪዋን አጠለቀች፣ ደብተሯን አነሳች። በር ላይ ስትደርስ «የት ነው?» አልኳት። «ላይብረሪ፣ ቦታ ልይዝ» አለች። ከዚያ ግራ ቀኝ አየች። የኔን ነጠላ ወንበሩ ላይ አየችው። አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቁልፏ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም ሳቅኩ እንጂ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ጣና ሁለት ቀን ያልነገረኝን ያ ስልክ ነገረኝ። ይህች ልጅ የራሷ ኑሮ አላት፣ እኔ የሌለሁበት። ጭኮውን ለስድስት ሆነው በአንድ ማታ እንደጨረሱት ደግሞ ጅማ ከገባሁ በኋላ ደውላ ነገረችኝ።

የምረቃውን አላወራልሽም። አበባ፣ ጋውን፣ ግፊያ፣ ፀሐይ። ሰው ሁሉ ፎቶ ስለሚያነሳ ማንም ማንንም አያይም።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ። ቤቴ ከዋናው በር በእግር ይደረሳል። ፍሬሾቹ የሚገቡ ሰሞን አላፊ አግዳሚውን ሳይ ነው የምውለው። አባቶች ሻንጣ ይዘው ቀድመው ይሄዳሉ፣ እናቶች ብርድ ልብስ ታቅፈው ከኋላ፣ ልጆቹ ደግሞ የማይተዋወቁ ይመስል አሥር እርምጃ ራቅ ብለው። በሩ ላይ መታወቂያ ይታያል፤ ቤተሰብ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ለረጅም ሰዓት ቆመው በሩን ያያሉ። አንዷን እናት አንድ ጊዜ ቤቴ አስገብቼ ቡና አፍልቼላታለሁ። ሦስተኛው ሲኒ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በረካው ላይ «ካልሲ አልያዘችም እኮ» አለች።

የጅማው ግን አንድ የሚለይበት ነገር አለ፤ ልጆቹም ይጎበኙናል። ትምህርቱ ማኅበረሰብ ተኮር ነው ይባላል፤ ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሲቢቲፒ» ይሉታል። በቡድን ሆነው ቀበሌ ለቀበሌ ይወጣሉ። እኔም ቤት መጥተው ውሃ ከየት እንደምቀዳ፣ መጸዳጃ ቤቴ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠይቀውኛል። አንዷ ስትጽፍ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እኔን ፈርታ! አምባሻ ቆርሼ ሰጠኋት። ቅጹ ላይ ቅቤ ነካበት። ያን ቀን ስለ ጅማ ግቢ ያወቅኩት፣ አጥር ሥር ቆመን በዚያ ሁሉ ዓመት ካወቅነው ይበልጣል።

ስለዚህ ስትመጪ ሻንጣውን አታብዢው። ባልዲና ጀሪካን እዚሁ ይገዛል። ጃንጥላ ግን አትርሺ፤ የጅማን ዝናብ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ልጅቷ ግን የደሴን ብርድ እንጂ የኛን ጭቃ አታውቅም። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ በአንድ ቀን እደርሳለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፤ አዲስ አበባ እደሩ። መናኸሪያ እቀበላችኋለሁ። እሷን ካስገባን በኋላ በር ላይ ቆመሽ አታለቅሺም፤ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናያለን፣ ከዚያ እኔ ቤት ታለቅሻለሽ። ለእናትሽም ያኔ አብረን እናለቅሳለን፤ ዕዳዬ ነው።

እሑድ እሑድ ምሳዋን እኔ ዘንድ ትብላ። ሁሉ ሙሉ ነው ካለችኝ አላምናትም።

አሁን አንድ ነገር ቶሎ ጻፊልኝ፤ የጫማ ቁጥሯ ስንት ነው? የኔዋ 38 ናት፤ የዝናብ ቦቷ ቁም ሳጥን ሥር ተቀምጧል፣ ሁለት ክረምት ብቻ ነው የተደረገው።

እህትሽ፣
ጅማ