ግንቡን የሠራው መንግሥት ቤቱንም ይሥራ

ውድ አዘጋጅ፣

እዚህ አሜሪካ የግብር ነገር በተነሳ ቁጥር ከሀበሻ ወዳጆቼ ሳይቀር በሉዊዚያና ግዛት ስላለችው ስለ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የምሰማው ነገር አለ። «ኒው ኦርሊንስ ግማሿ ከባሕር ጠለል በታች ነው፣ ነገ ተመልሶ ይሰምጣል፤ ለማርዲ ግራ የጎዳና በዓል ጭፈራ ብለን ግብራችንን ለምን እናፈሳለን?» ይላሉ። ከተማዋን ያጥለቀለቀችው ካትሪና የተባለች አውሎ ነፋስ ካለፈች 20 ዓመት ሞልቷል፣ ክርክሩ ግን አልበረደም። እኔ ከተማዋን መልሶ ለመሥራት የሕዝብ ገንዘብ መውጣት ነበረበት፣ ወደፊትም መውጣት አለበት ባይ ነኝ።

ከተማዋን ያጠፋው አውሎ ነፋሱ ብቻ አይደለም። ኦገስት 29 ቀን 2005 በ17ኛው ጎዳናና በለንደን አቬኑ ቦዮች ዳር የቆሙት የኮንክሪት ግንቦች የተገነደሱት ውኃው ገና ከአናታቸው ሳይደርስ ነው። የሠራቸው የፌዴራል መንግሥቱ የጦር መሐንዲሶች ክፍል ነው፤ የዲዛይን ጉድለት እንደነበረባቸውም በ2006 ራሱ አምኗል። ከከተማዋ 80 በመቶው በውኃ ተዋጠ፣ በአውሎ ነፋሱ ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። መንግሥት ይጠብቀኛል ብሎ ቤት የሠራን ሰው፣ ግንቡ ሲናድበት «ድሮስ ማን እዚያ ኑር አለህ?» ማለት ነውር ነው።

ስለ ጭፈራውም እንነጋገር። ቱሪስቱ የሚያውቀው ፍሬንች ኳርተር የተባለው ሰፈር ከፍ ያለ መሬት ላይ ስለሆነ ጎርፉ ብዙም አልነካውም። በዓሉን በዓል የሚያደርጉት ግን ከጓዳ ሰፈሮች የሚወጡት ናቸው፤ ጡሩምባ ነፊዎቹ፣ እሑድ እሑድ መንገዱን በዳንስ የሚሞሉት ማኅበሮች፣ «የማርዲ ግራ ኢንዲያንስ» የሚባሉት ጥቁሮች። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ ዶቃ በዶቃ በመርፌ እየሰፉ ላባ የለበሰ ልብስ ይሠራሉ፣ የዘንድሮውን ለከርሞ አይደግሙትም፣ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ገንዘቡ የተሰጠበት መንገድ ነው። ጎርፉ ቤት ላፈረሰባቸው ሰዎች መጠገኛ በሰጠው፣ «ሮድ ሆም» በተባለው የመንግሥት ፕሮግራም የባለቤቱ ድጎማ የተሰላው ቤቱ ከጎርፉ በፊት ባወጣው ዋጋ ወይም በመጠገኛው ወጪ፣ ከሁለቱ ባነሰው ነበር። ጣውላው ያው፣ ሚስማሩ ያው፣ የአናጢው ክፍያ ያው፤ ቤቱ ጥቁሮች ሰፈር ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ያለበት ሰው ግን ጣሪያ ሳይደርስ ገንዘቡ አለቀበት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 በስምምነት ተዘጋ። ሎወር ናይንዝ ዋርድ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ግን ዛሬም ቤቱ ጠፍቶ የደጁ የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ ሣር ውስጥ የቆመበት ቦታ አለ።

ገንዘቡ ዝም ብሎ ውኃ ውስጥ ነው የሚገባው ለሚለው ደግሞ አይዳ የተባለውን አውሎ ነፋስ ማየት ነው። ከካትሪና በኋላ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት አዲሱ መከላከያ በ2021፣ በዚያው በኦገስት 29፣ አይዳን ተቋቁሟል። መብራት ለቀናት ቢጠፋም ግንቦቹ አልተናዱም።

ግንብ ብቻውን ግን አይበቃም፣ መሬቱ እየሰመጠ ነው፣ የባሕሩን ማዕበል የሚያበርደው ረግረግም እየተሸረሸረ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ለረግረጉም ይመደብ። ለቤት የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ ከእንግዲህ በየትኛውም ሰፈር በመጠገኛው ወጪ ይሰላ። ግብሬ ለዚህ ቢውል ቅር አይለኝም።

አክባሪያችሁ፣
ከቨርጂኒያ