አቧራው ሮዝ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የሰሃራ አቧራ አትላንቲክን ሲሻገር የሚያሳይ የሳተላይት ምስል አውጥታችሁ ነበር። ምስሉ ያምራል። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ሮዝ አቧራ ውቅያኖሱን ሸፈነ» ይላል። እኔ ደግሞ ጠዋት ከቡና በፊት የሳተላይት ምስል የማይ ሱሰኛ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። አቧራው ሮዝ አይደለም፤ ወደ ቢጫ ያደላ ቡናማ ነው። ሮዝ ያደረጉት ምስሉን ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፤ ያውም በቂ ምክንያት አላቸው።

በረሃ ላይ የሚነፍስ አቧራ በተራ ፎቶ በደንብ አይታይም። መሬቱም አቧራውም መልካቸው አንድ ነውና። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ፎቶው ጨለማ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ አውሮፓው ሜቴዎሳት ያሉ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ከታች የሚወጣውን ሙቀት ዓይናችን በማያየው ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ፣ ይለካሉ። አቧራና ደመና ይህን ሙቀት የሚያሳልፉት እኩል አይደለም። ባለሙያዎቹ ልዩነቱን ለዓይናችን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ይቀቡታል። ያኔ አቧራው ደማቅ ሮዝ፣ ከፍ ያለ ወፍራም ደመና ደግሞ ጥቁር ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቀንም ሌሊትም ይሠራል። በቻድ ቦዴሌ ከሚባለው ረባዳ ቦታ ጠዋት ነፋሱ ሲነሳ፣ ሮዙ ጅራት በየ15 ደቂቃው እየረዘመ ሲሄድ ማየት ልብ ይሰርቃል። ይህን ሁሉ በጋዜጣ ይጻፍ አልልም። «ቀለሙ ሰው ሠራሽ ነው» የምትል አንዲት ሐረግ ግን ቦታ አትፈጅም።

ሰዓቱም አልተጻፈም። ይሄ ከቀለሙ በላይ ያናድደኛል። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አንድ የምድር ገጽታ ላይ ያፈጠጡ ሳተላይቶች አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ያነሳሉ፣ ዝርዝሩ ግን ይደበዝዛል። እንደ ሱኦሚ ኤንፒፒ ያሉት ደግሞ ቀርበው ይዞራሉ፤ ጥርት አድርገው ያያሉ፣ ነገር ግን አብዛኛውን ቦታ ቀን አንዴ፣ ሌሊት አንዴ አይተው ያልፋሉ። የቀኑ ማለፊያ በየአካባቢው አቆጣጠር 7፡30 ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ የተነሳ እሳት እስከ ሌሊቱ ማለፊያ ላይታያቸው ይችላል።

ጭስ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያው ጭስ እኩለ ቀን ላይ ሳስቶ ይታይና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎልቶ ይወጣል። ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ የጭሱ ብናኞች ወደ ሳተላይቱ አብዝተው ይበትኑታል። ጭሱ ራሱ ግራም አልጨመረም። የምሳ ሰዓቱን ምስል ከምሽቱ ጎን አስቀምጦ «ጭሱ ተባባሰ» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው። እናንተ አደረጋችሁት አላልኩም፤ ሲደረግ ግን አይቻለሁ።

የሰደድ እሳት ካርታ ላይ ያሉት ቀይ ነጥቦችም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ነጥብ ሳተላይቱ ሙቀት ያየበትን አንድ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበትን አንዲት ትንሽ ካሬ፣ ይወክላል፤ የፒክሰሉ ጎን በጥሩዎቹ መሣሪያዎች መሬት ላይ 375 ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ የሚነደው ግን ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ቦታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አውስትራሊያ ከዳር እስከ ዳር ስትነድ የሚያሳይ ምስል ዓለምን አዳርሶ ነበር። ብዙ ሰው ከጠፈር የተነሳ ፎቶ መሰለው። የአንድ ወር ያህል የሙቀት ነጥቦች በአንድ ላይ ተደራርበው በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነበር።

ከላይ የታየ ጭስ ሁሉ ወደ ሳንባ አይገባም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የካናዳ ጭስ ኒውዮርክ ላይ መሬት ድረስ ወርዶ ሰማዩን ብርቱካናማ አደረገው፣ ሰዉም ማስክ አጠለቀ። በዚያው ወር መጨረሻ አውሮፓም ደርሷል፤ እዚያ ግን አብዛኛው ከፍ ብሎ አለፈ። ከላይ ለሚያይ ሁለቱም ጭስ ናቸው። ለይቶ የሚነግረን መሬት ላይ የተተከለው የአየር ጥራት መለኪያ ነው። የመለኪያውን ቁጥር ከምስሉ ጋር አብራችሁ ብታወጡ አስም ያለበት አንባቢ መስኮቱን ይዝጋ ወይ ይክፈት ያውቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሳተላይቱ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንዳነሳው፣ ቀለሙ የዓይን ይሁን የተቀባ። አንድ መስመር ይበቃዋል። ምስሎቹን ማውጣት ግን እንዳትተዉ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ምስል ግርጌ ቀስት አድርጋችሁ «የሰደድ እሳት» ያላችሁት ጥቁር ቀይ ነገር ደመና ነው።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ