ዋጋው ለምን በውስጥ መስመር?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር በስልክ መክፈል ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ነዳጅ በሱ እንቀዳለን፣ የጀበና ቡና የምትሸጥ እህታችን እንኳ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ለጥፋለች። ስለዚህ ሕዝቡ ቴክኖሎጂ አይወድም የሚለውን ወሬ እንተወው። መክፈሉንስ ለምደነዋል፤ የጎደለው መተማመን ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን ጫማ ተመልከቱ። ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነስቷል፣ ቁጥሩ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ዋጋው ሲጠየቅ ግን «በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ለምን? ፊት እያዩ ዋጋ መጥራት ከሱቅ ወጥቶ ስልካችን ውስጥም ገባ ማለት እኮ ነው። ቀጥሎ ቅድሚያ ክፈሉ ይባላል፤ የመጣው ዕቃ ሌላ ከሆነ ደግሞ የተሸጠ አይመለስም። በርግጥ ነጋዴውም ተቃጥሏል፣ የውሸት የክፍያ ስክሪንሾት አሳይቶ ዕቃ ይዞ እብስ የሚል ሞልቷል፤ እሱም ቢሆን ዝም ሊባል አይገባም።

ሕግ የለም እንዳንል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። ታዲያ አንድ ሺህ ብር የተበላች ተማሪ የት ሄዳ አቤት ትበል? ሻጮች ዋጋችሁን በግልጽ ለጥፉ፣ ገዢው ዕቃውን አይቶ ይክፈል። ጋዜጣችሁም የሚመለከታቸውን ጠይቆ፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን ቢሮና የሚያስፈልገውን ማስረጃ ዘርዝሮ ቢያወጣልን ትልቅ ውለታ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ