ከግጥሚያው በኋላ ላሉት ሳምንታት

ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ አባባ? ስለ ሟቹ እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ስለ ሪኪ ሃተን የጠየቁኝን በስልክ ብቻ መልሼ ልተወው አልፈለግሁም። «ገንዘብ ነበረው፣ ስም ነበረው፣ ከተማው ማንቸስተር በሙሉ ይወደው ነበር፤ ምን ጎደለው?» ነበር ያሉኝ። ክለቡ ውስጥ የሚያሠለጥኗቸው ልጆችም ነገ ፕሮፌሽናል እንሆናለን የሚሉ ስለሆኑ፣ መልሱ ለእነሱም ይጠቅማል ብዬ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

ሰው ሁሉ ጉዳቱን ሪንግ ውስጥ ይፈልገዋል። ለአእምሮ ጤና ግን ክፉው ጊዜ ከግጥሚያው በኋላ ያለው ነው። ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ለትልቅ ግጥሚያ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የልምምድ ካምፕ ይገባል። የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚሮጠውን ርቀት፣ የሚበላውን ምግብ ሳይቀር ሌላ ሰው ይወስንለታል። መጠጥ የለም፣ ማምሸት የለም። ግጥሚያው ሲያልቅ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቆማል። በማግስቱ ፊቱ አብጦ፣ ጎኑን እያመመው ይነቃል፤ የሚቀሰቅሰው የለም፣ የሚሄድበትም የለም። ካሸነፈ በደስታ ይጠጣል፣ ከተሸነፈ ለመርሳት ይጠጣል።

ሃተን እ.ኤ.አ. በ2007 በሜይዌዘር፣ በ2009 ደግሞ በፓኪያዎ ገና በሁለተኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ድባቴ፣ መጠጥና ኮኬይን እንደተፈራረቁበት፣ ራሱን ለማጥፋት እንደሞከረም በራሱ አንደበት ተናግሯል። በ2025 በ46 ዓመቱ ሲሞት ዱባይ ላይ የመመለሻ ግጥሚያ ተይዞለት ስለነበር፣ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉ ነገሩ የተስተካከለ ይመስል ነበር። ማሸነፍም አያድንም። ሌላው እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ታይሰን ፊውሪ በ2015 ዱሰልዶርፍ ላይ ቭላድሚር ክሊችኮን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ነው በመጠጥና በኮኬይን ተይዞ፣ ክብደቱ ወደ 180 ኪሎ ተጠግቶ መኖር ያስጠላው። በ2018 ተመለሰ። ሕመሙን ሳይደብቅ መናገሩን ከቀበቶዎቹ ሁሉ አስበልጬ አከብርለታለሁ።

ጭንቅላት ላይ የሚያርፈው ቡጢም ድርሻ አለው። የሚጎዳው ዝረራ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ የሚቀመሰው ትንንሹ ምትም በዓመታት ይጠራቀማል። ንዴት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ መርሳት፣ ሳያስቡ ገንዘብ መበተን ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ሆኖም በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው የአንጎል መበላሸት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ስለሆነ፣ የተናደደውን ልጅ ሁሉ «አንጎሉ ተበላሽቷል» እንዳይሉት። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ተስፋ ያስቆርጣል።

ክብደት መቀነሱን በተለይ ይጠብቁልኝ። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ ሳውና፣ ለግጥሚያው ሚዛን ላይ ከመውጣት በፊት ውሃ መከልከል ኪሎውን ያወርደዋል፤ የሚወርደው ግን ባብዛኛው ውሃ ነው። ልጁ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከሚዛኑ በኋላ እስኪያመው ይበላል፣ በወሩም መልሶ ይወፍራል። በዚህ ዙር ውስጥ ደጋግሞ ያለፈ ሰው ሰውነቱን እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል። የሚያስቀምጥ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ካገኙ ግጥሚያውን ያሰርዙት።

በዝረራ የወደቀ ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አይደር። አልኮል አይቅመስ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ከዚያም ቢያንስ ለ30 ቀን ስፓሪንግ የለም፤ ሐኪም ሳያየው አይመለስ። እሱ «ደህና ነኝ» ማለቱ አይበቃም፤ ቦክሰኛ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።

ክለቡ ለእያንዳንዱ ተጋጣሚ አንድ ሰው ይመድብለት። ያ ሰው በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ቤቱ ድረስ ይሂድ፤ ስልክ ላይ መዋሸት ቀላል ነው። ይተኛል? ይበላል? ጫትና መጠጥ ጨምሯል? ዕቃውን ለሰው ማደል ጀምሯል? ጥርጣሬ ካለ ፊት ለፊት «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀው። መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራበትም። ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቀው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ እንደ ውርደት የሚታይበት ሰፈር ውስጥ መሆንዎን አውቃለሁ፤ እርስዎ አብረው ከሄዱ ግን ማንም አፉን አይከፍትም። ጠበል እሄዳለሁ ካለም ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ።

በሚቀጥለው ወር ከሚጋጠሙት ልጆች ለማን ማን እንደተመደበ ስንደዋወል ይንገሩኝ። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ