ለኮምቦልቻው ወዳጄ

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? እናትህስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ደሴና ኮምቦልቻ ቁጭ ብለን፣ ሐረጎን ወርዶ መውጣት ብቻ እየቀረን፣ ይህን ያህል ጊዜ መጠፋፋታችን ያሳዝነኛል። ሥራው ነው የበላኝ። አብሬያቸው የምሠራው ሰዎች አሜሪካ ስለሆኑ ቀናቸው የሚጀምረው ለእኛ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ ፒያሳ ላይ ሲንሸራሸር እኔ ስብሰባ እገባለሁ፣ ከስብሰባ ስወጣ ከተማው ተኝቷል።

ባለፈው «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ብለህ ነበር። ዛሬ በደንብ ልንገርህ። የምጠይቅህም ነገር ስላለኝ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የሜይንፍሬም ፕሮግራመሮች አዳዲሶቹን የሶፍትዌር መሣሪያዎች እንዲለምዱ ነው የማግዘው። ሜይንፍሬም፣ ያ የትልልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተር፣ ሲባል ብዙ ሰው ሙዚየም የገባ ዕቃ ይመስለዋል። አይደለም። አይቢኤም ሲስተም 360ን ያስተዋወቀው በፈረንጆቹ 1964 ነው፤ ከዚያ ዘር የወጡት ማሽኖች ዛሬም የትልልቅ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ሥራ ተሸክመው ይውላሉ፣ ያድራሉም። ኮቦል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፣ የተጠነሰሰው በ1959 ነው። ማሽኑ አላረጀም፣ በየጊዜው አዲስ ሞዴል ይወጣለታል። ወደ ኋላ የቀረው ኮዱ የሚጻፍበትና የሚፈተሽበት መንገድ ነው።

በቡድኑ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኮቦል ሲጽፉ የኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ከእኔ በፊት አማካሪዎች መጥተው ነበር አሉ። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «የምትሠሩበት ነገር ሞቷል» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይሰማዋል? በየሌሊቱ ሳያጓድል የሰውን ካሳ የሚያሰላ ሲስተም ይዘህ፣ የማያውቀው ሰው መጥቶ ሞተ ይልሃል። ጆሮ ነፈጓቸው፣ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው በጊት አልጀመርኩም። መጀመሪያ የጠየቅኩት «ከሥራችሁ ውስጥ በጣም የሚያንገፈግፋችሁ የቱ ነው?» ብዬ ነው። ሴትዮዋ ሳያቅማሙ መለሱ። ፕሮግራም በቀየሩ ቁጥር ባቹ፣ ማለትም የሌሊቱ የጅምላ ሥራ፣ ያወጣውን ሪፖርት ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ከፍተው፣ መስመር በመስመር በዓይናቸው ያነጻጽራሉ። ዓይን ሲደክም ስህተት ያመልጣል። ስህተት ሲያመልጥ ደግሞ አንዱ ደንበኛ የማይመለከተውን ገንዘብ ክፈል ይባላል። እሱን ነው መጀመሪያ የሠራነው። አሁን ባቹ በሙከራ ዳታ ላይ በራሱ ይነሳል፣ ውጤቱን በራሱ ያነጻጽራል፣ ልዩነት ካለም ልዩነቱን ብቻ ነጥሎ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ነው «ሌላስ ምን አለህ?» ያሉኝ።

አረንጓዴውን ስክሪን፣ ማለትም የሜይንፍሬሙን የድሮ ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት ገጽ፣ አልነካንም። የነባሮቹ ጣት ገጹን የሚያወጡትንና የሚያወርዱትን ቁልፎች፣ ኤፍ 7ና ኤፍ 8ን፣ ለምዶ፣ እኔ በማውዝ ከምደርስበት ቀድመው ይደርሳሉ። ወጣቶቹ ግን ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ ይሻላቸዋል። ዞዊ የሚባል በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ክፍት ሶፍትዌር አለ፤ በእሱ የሜይንፍሬሙን ፋይሎችና የሥራ ውጤቶች ከቪኤስ ኮድ ሳትወጣ ታያለህ። ሁሉም በሚመቸው ይሠራል፣ ዋናው ኮዱ አንድ ቦታ መቀመጡ ነው።

ጊት ላይ ስንደርስ ነው ፈተናው የመጣው። ይሄን ክፍል አንተ ትወደዋለህ። ሜይንፍሬም ፊደል የሚያስቀምጠው ኢብሲዲክ በሚባል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥ ሥርዓት ነው። የላቲኑ ትልቁ «ኤ» ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በለመዱት በአስኪ 65 ሲሆን በኢብሲዲክ 193 ነው። ስትደረድር እንኳን በአስኪ ቁጥር ከፊደል ይቀድማል፣ በኢብሲዲክ ፊደል ከቁጥር ይቀድማል። ኮዱ ወደ ጊት ሲገባ አስኪን ወደሚያካትተው ወደ ዩቲኤፍ 8 ይቀየራል፣ ወደ ማሽኑ ሲመለስ እንደገና ወደ ኢብሲዲክ። ለተራው ኮድ ችግር የለውም። ግን ድሮ የጻፉ ሰዎች በጥቅስ ምልክት መሃል ዓይን የማያየው ባይት ከተው የሄዱበት ፕሮግራም ይገኛል። እሱ ደርሶ መልስ ሲጓዝ ይበላሻል፣ ማንም ሳያውቅ። ስለዚህ ኮዱ ከመዛወሩ በፊት ፋይሉን ሁሉ መፈተሽና እንዲህ ያለውን ባይት በሄክስ (በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር) አጻጻፍ በግልጽ መተካት ግድ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን እሱን የዘለለ ሰው በኋላ የሚገጥመው ብልሽት ከየት እንደመጣ እንኳን አያውቅም።

ከዚያ ኮፒቡክ አለ፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዳታ አቀማመጥ ማለት ነው። አንድ መስክ ስታሰፋ እሱን የሚጠቀሙት ሁሉ እንደገና ኮምፓይል መደረግ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም፣ አለባቸው። ዝርዝሩ የነበረው በሴትዮዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አሁን ዲቢቢ የሚባለው የአይቢኤም መሣሪያ ኮዱን አንብቦ ማን ማንን እንደሚጠቀም ያውቃል፣ የተነካውን ብቻ ነጥሎ ይገነባል።

ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ለውጥህ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው የሚገመግምበት አሠራር፣ ሲመጣ ሴትዮዋን ቅር አላቸው። «ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሥራዬ ሊታረም ነው?» የሚል ስሜት ነበር፣ ባይናገሩትም ይገባሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገመገሙት ሳይሆን የሚገመግሙት እሳቸው ሆኑ። አንድ ወጣት ትርፍ የመሰለችውን ኢፍ፣ ማለትም «እንዲህ ከሆነ» የምትል የኮድ መስመር፣ ሰርዞ ላከ። ሴትዮዋ ከሥሩ ጻፉለት፤ ያቺ መስመር የአንድ ክልል ሕግ ሲለወጥ የገባች፣ ዛሬም በድሮው ውል ለቀሩ ደንበኞች የምትሠራ ናት። ልጁ መለሳት። እኔን የነካኝ ግን ጽሑፉ ነው። ያ እውቀት ከእሳቸው ጋር ጡረታ ሊወጣ የነበረ ነው፣ አሁን ከኮዱ ጎን ተቀምጧል፣ የሚቀጥለው ሰው ያነበዋል። ለዚህ ነው ይሄን ሥራ ከልቤ የምወደው። መሣሪያው የሚገባው የአዋቂዎቹን እውቀት ለማትረፍ ካልሆነ ባይገባ ይሻላል ባይ ነኝ።

በኤፕሪል 2020 የኒው ጀርሲ አስተዳዳሪ ኮቦል የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ እርዱን ብለው በአደባባይ እንደለመኑ ታስታውሳለህ? ሥራ አጥ የሆነው ሰው ማመልከቻ ሲስተሙን አጨናንቆት ነበር። በዚያው ወር ነው ኦፕን ሜይንፍሬም ፕሮጀክት የሚባለው የክፍት ሶፍትዌር ቡድን የኮቦል ኮርሱን በነፃ የለቀቀው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። አንተ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ታስተምራለህ። ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ተማሪዎች ሰብስብልኝ፣ ብዙ አያስፈልግም። ግኑኮቦል የሚባለው የኮቦል መተርጎሚያ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ በነፃ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔትም አይፈልግም። በእሱ ኮቦልና ጊትን አብረን እናስጀምራቸው፤ ጥሩ ከሄዱ አይቢኤም ዚ ኤክስፕሎር በሚባለው የመማሪያ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበው እውነተኛ ሜይንፍሬም በነፃ ይነካሉ። ሥራ ታገኛላችሁ ብለን ቃል አንግባ፣ ያ ልክ አይደለም። ግን ሌላው የሸሸውን ኮድ ሳይፈሩ ማንበብ የሚችል ልጅ የትም ቢሄድ ይፈለጋል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ ላሉት ሌሊት ስለሆነ ነፃ ነኝ። የሚመችህን ቅዳሜ ጻፍልኝና እወርዳለሁ። ልጆቹን ላፕቶፓችሁን ሞልታችሁ ኑ በላቸው፣ መብራቱን ታውቀዋለህ። እናትህን ሰላም በልልኝ፣ በዱዓቸው አይርሱኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ