ኤርዤን «የዘመኑ ሰው ነበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የሥዕላዊ ታሪኮች ጀግና የሆነውን የወጣቱን ጋዜጠኛ የቲንቲንን ፈጣሪ፣ ቤልጂየማዊውን ሠዓሊ ኤርዤን በተመለከተ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። እኔም ሥዕል የማስተምር ሰው ነኝና ስለ መስመሩ ጥራት የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ውፍረቱ በማይዛነፍ መስመር፣ ጥላ ሳያበዛ፣ የአንድን መኪና በር እንኳ ሳያዛባ የሚሥል እጅ በቀላሉ አይገኝም። ቅሬታዬ «ቲንቲን በኮንጎ» የተሰኘው ሥራው «የዘመኑ ሰው ነበር» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መታለፉ ነው።

በትክክለኛ ስሙ ዦርዥ ረሚ የሚባለው ይህ ሠዓሊ ያንን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲጀምር ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ቲንቲንን ወደ ኮንጎ እንዲልከው የገፋፉት ኤርዤ ይሠራበት የነበረው የቤልጂየም ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ ቄሱ ኖርቤር ዋሌ ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም የቤልጂየም ልጆች የአገራቸው ቅኝ ግዛት የነበረችውን ኮንጎን እንዲወዱ ማድረግ ነበር። ኤርዤ ኮንጎን በዓይኑ አላየም፤ የሣለው በብራስልስ አጠገብ በሚገኘው፣ የኮንጎ ቅርሶች በሚታዩበት የተርቩረን ሙዚየም ካየውና በዙሪያው ሲወራ ከሰማው ተነሥቶ ነው። ኮንጎዎቹ ከንፈራቸው ተጋኖ፣ እንደ ሞኝ ሕፃናት ሆነው የተሣሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ የዘመን ሰበብ ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሰው፣ በዚያው ዘመን፣ ቲንቲንን ወደ ቻይና ሊልክ ሲነሣ፣ የቻይና ተማሪዎች መንፈሳዊ አባት የነበሩት ቄስ ጎሴ ቻይናውያንን በተለመደው ማላገጫ መልክ እንዳይሥላቸው በደብዳቤ አስጠነቀቁት፤ በብራስልስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ቅርጻ ቅርጽ ይማር ከነበረው ከዣንግ ቾንግሬን ጋርም አስተዋወቁት። ሁለቱ እኩዮች ነበሩ። ዣንግ የብሩሽ አያያዝ አሳየው፤ አገሩ በጃፓን ወረራ ምን እንደደረሰባት ነገረው፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ባሉት የመንገድ ግድግዳዎች ላይ ጃፓንን የሚያወግዙ የቻይንኛ ጽሑፎችን ጻፈለት። ከዚህ የተወለደው «ሰማያዊው ሎተስ» የጃፓን ዲፕሎማቶችን እስከ ማስቆጣት ደረሰ። እንግዲህ በዚያ ዘመንም ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ስለ ቻይና የሚነግረው ሰው ማግኘቱ፣ ስለ ኮንጎ ግን ኮንጎአዊ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ይኸው ሰበብ ብዙ አይረዳውም። ኤርዤ ከ1940 እስከ 1944 በጀርመኖች ቁጥጥር ሥር ለወደቀው የብራስልስ ጋዜጣ «ለ ሷር» ሲሥል፣ በዚያው ከተማ ከወራሪው ጋር አንሠራም ብለው ብዕራቸውን ያስቀመጡ ጋዜጠኞች ነበሩ።

ጽሑፋችሁ የ«ቲንቲን በኮንጎ» የ1946ቱ እትም ስሕተቱን እንዳረመ ይገልጻል። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። በመጀመሪያው እትም ቲንቲን ለኮንጎ ልጆች ስለ «አገራችሁ ቤልጂየም» ያስተምር ነበር፤ በአዲሱ ትምህርቱ ወደ ሒሳብ ተለወጠ። የሰዎቹ መልክ ግን ብዙም አልተነካም። ብራስልስ የሚኖር አንድ ኮንጎአዊ መጽሐፉ እንዲታገድ በ2007 ክስ መሥርቶ በ2012 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ ማድረጉ እንኳ በጽሑፋችሁ አልተነሣም። በበኩሌ መታገዱን አልደግፍም፤ የሆነውን እያወቅን ብናነበው ይሻላል።

ኤርዤ ዣንግን ለዐሥርተ ዓመታት አፈላልጎ በ1981፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በብራስልስ እንደገና አገኘው። በ1960 የታተመው «ቲንቲን በቲቤት» የጠፋ ቻይናዊ ወዳጅን ፍለጋ የሚተርከውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ሰው ዳግም የምትጽፉ ከሆነ የኮንጎውንና የቻይናውን አንዳንድ ገጽ ጎን ለጎን አትሙልን፤ አንባቢው ራሱ አይቶ ይፍረድ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሥዕል መምህር