የሶፍትዌር ምርምራችን ለፕሮግራመሩም ይድረስ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጅማ ከተማ ለግል ድርጅቶችና ለጤና ተቋማት ሶፍትዌር ከሚሠሩ ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ከሚቀርቡት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል የፕሮግራም ስህተትን ቀድሞ ስለመለየትና ፍተሻን ስለማቀላጠፍ የሚያጠኑ፣ እኛን በቀጥታ የሚመለከቱ ሥራዎች አይጠፉም። ሆኖም ጽሑፉ ተገምግሞና ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ የጥናቱ ፍሬ የሆነው ፕሮግራም ግን በተማሪው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል።

ምርምርን ወደ ሥራ ማምጣት በሌላውም ዓለም ቀላል አልነበረም። ፒተር ኦሄርን፣ ጆን ሬይኖልድስና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ሴፓሬሽን ሎጂክ የተባለው የሎጂክ ንድፈ ሐሳብ፣ ኢንፈር ለተባለው ስህተት ፈላጊ መሣሪያ መሠረት ሆኗል፤ መሣሪያውን የሠራውን ሞኖይዲክስ የተባለ ኩባንያም ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዝቶታል። መጀመሪያ ላይ ኢንፈር ያገኛቸው ስህተቶች በረጅም ዝርዝር ተዘጋጅተው ለፕሮግራመሮች ሲሰጡ፣ የሚያርማቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ማስጠንቀቂያው አዲሱ ኮድ በባልደረባ በሚገመገምበት ሰዓት እንዲደርስ ሲደረግ ግን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይታረሙ ጀመር። ፕሮግራመሩ የጻፈው ነገር ገና ከአእምሮው ሳይወጣ ስለሚነገረው ነው። ይህን የመሰለ እውቀት ደግሞ ከሠራተኛው አጠገብ ሳይቀመጡ የሚገኝ አይመስለኝም።

እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ የጤና ተቋም የነበረ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ጳጉሜን 6ን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ በመመለሱ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሌላ አማራጭ ስላጣች የሕፃኑን የልደት ቀን መስከረም 1 ብላ ስትሞላ አይቻለሁ። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ የምትመጣን ቀን በእጅ የሚፈትሽ ባለሙያ ቢረሳት አይገርምም። በስዊድኑ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ኮን ክላሰንና ጆን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ያስተዋወቁት ክዊክቼክ የተባለው መሣሪያ ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሠራ ነው፤ ፕሮግራመሩ «ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ተቀይሮ የተመለሰ ቀን ያው ቀን መሆን አለበት» የሚል ደንብ ከጻፈ፣ ደንቡን የሚያፈርሱ ግብዓቶችን መሣሪያው ራሱ እያመነጨ ይፈልጋል። ነገር ግን የውጭው መሣሪያ የእኛን አስራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ተብሎ የተጻፈው ስም የአንድ በሽተኛ ሊሆን እንደሚችል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተባለው ቀጠሮም ሌሊት እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያመነጭ፣ ማንም አውርዶ የሚጠቀምበት የፍተሻ መሣሪያ መሥራት ከአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የታወቀ ነው፤ የጤና ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች እንደሚሰማሩ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል። የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ተማሪዎችም የመመረቂያ ርዕስ ከመምረጣቸው በፊት ሶፍትዌር በሚሠራበት ቢሮ ጥቂት ሳምንታት ቢቀመጡ፣ ከገምጋሚዎቹም አንዱ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ቢሆን መልካም ነው እላለሁ።

የመምህራን የደረጃ እድገት በአብዛኛው በታተመ ጽሑፍ ስለሚመዘን፣ መሣሪያ ሠርቶ ማቆየት ብዙም እንደማያስመሰግን አውቃለሁ። ከሁሉ የሚከብደውም ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ኮዱ ባለቤት ማጣቱ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አዲስ ርዕስ ፍለጋ ከመባዘን ይልቅ የቀደመውን ተማሪ ኮድ ተረክቦ ቢያሻሽል፣ ይህም እንደ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ ቢቆጠርለት ይሻላል። እኛም በበኩላችን የደንበኞችን የግል መረጃ ከውስጡ አስወግደን፣ በፕሮግራሞቻችን ላይ ያጋጠሙንን ስህተቶች መዝገብ ለተመራማሪዎቹ ልንሰጥ እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከጅማ